ጋዝና ጀነሬተር ሲጎራበቱ

ባለፈው ክረምት በጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ጀነሬተሩን እንዳይለት ጠራኝ። ሥራዬ የጀነሬተርና የኤሌክትሪክ መስመር ጥገና ነው። ማሽኑ የከፋ ችግር አልነበረበትም፤ የአየር ማጣሪያው አቧራ ጠግቦ ነበርና ቀየርሁለት። ዓይኔን የያዘው ግን ጎረቤቱ ነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከጀነሬተሩ ቤት ሦስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ አራት የቡታጋዝ ሲሊንደሮች በተርታ ቆመዋል። ቦታው ከግቢው ዝቅ ያለ ሲሆን በሁለት በኩል ግንብ፣ በሦስተኛው በኩል የጀነሬተሩ ቤት ከቦታል። የጀነሬተሩ አየር ማስገቢያ መስኮት ደግሞ ከመሬት ጉልበት በማይደርስ ከፍታ ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ሲሊንደሮቹ አዙሯል።

የወጥ ቤቱን ኃላፊ ጠየቅኋቸው። “እትዬ፣ ይህ ጋዝ ቢያፈተልክ ወዴት ይሄዳል?”

“ጣና ዳር ነን እኮ ልጄ፤ ነፋሱ ይወስደዋል” አሉኝ።

ከነጠላቸው ጠርዝ አንድ ክር እንዲመዙልኝ ለመንኋቸው። ክሩን ከአንዱ ሲሊንደር አንገት ላይ አሰርሁት፤ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። ከዚያ ጀነሬተሩን አስነሣሁት። ማሽኑ ዙሩን ሲይዝ ክሩ ከሲሊንደሩ ተላቅቆ ቀና አለ፤ ወዲያው ተዘረጋና ጫፉ ወደ አየር ማስገቢያው እያመለከተ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በሌላ አቅጣጫ ነበር። ክሩ ግን ጣናን አልሰማውም። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ክሩን ብቻ ያዩ ነበር።

ጋዝ ማከማቻና ኃይል ማመንጫ ሲጎራበቱ ብዙ ሰው የሚያስበው አንዱ ፈንድቶ ሌላውን እንደሚያፈርሰው ነው። ያ እውነት ቢሆንም መጨረሻው ላይ የሚሆነው ነው። መጀመሪያ የሚሆነው ክሩ ያሳየው ነገር ነው። ነዳጅ አንድዶ ኃይል የሚያመነጭ ማሽን ሁሉ ይተነፍሳል። የሆቴል ጀነሬተር ለሞተሩም ለማቀዝቀዣውም አየር ይስባል። ትልቅ የጋዝ ተርባይን ደግሞ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ አየር ይውጣል። በዚያ ትንፋሽ ውስጥ የጎረቤቱ ጋዝ ከገባ፣ እሳቱ ጋዙን ሄዶ መፈለግ አያስፈልገውም፤ እየሳበ ወደ ራሱ ያመጣዋል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2004 በአልጄሪያ የወደብ ከተማ በስኪክዳ የሆነው ይህ ነው። ፋብሪካው የተፈጥሮ ጋዝን በቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽ የሚለውጥ ነበር። ከጋዙ መስመር አጠገብ እንፋሎት የሚያመርት ቦይለር አለ። ቦይለሩ ለእሳቱ አየር የሚስብበት ማራገቢያ አለው። ያን ቀን ያፈተለከ ጋዝ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ በማራገቢያው በኩል ወደ እሳቱ ክፍል ገባ። እሳቱ ያልተለካ ነዳጅ ደረሰው፤ በውስጡ ግፊቱ ጨመረና ቦይለሩ ፈነዳ። ያ ፍንዳታ ደግሞ ውጭ የተጠራቀመውን የጋዝ ደመና ለኮሰው። 27 ሰዎች ሞቱ። ከስድስቱ የማምረቻ መስመሮች ሦስቱ ወደሙ። ቦይለሩ ለብቻው ሲታይ ደኅና ቦይለር ነበር። ያጠፋው የቆመበት ቦታ ነው።

አሁን ስለ ጋዙ ራሱ። ጋዝ ስለተገኘ ብቻ አይነድም። የተፈጥሮ ጋዝ የሚነደው በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ ሲሆን ነው። ከ5 በታች ከሆነ ሳስቷል፤ ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ አየሩ አንሶታልና እሳት አይዘውም። የወጥ ቤቱ ቡታጋዝ ከዚህ የባሰ ነው፤ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ሲደርስ መንደድ ይችላል። ስለዚህ “በጣም ብዙ ስላፈሰሰ እንጂ ጥቂቱ አይጎዳም” የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። ብዙ ጋዝ ያለበት መካከሉ ላይነድ ይችላል፤ አየር የነካው ጠርዙ ግን ሁልጊዜ ለእሳት የተዘጋጀ ነው። ጠርዙም ይጓዛል።

የሚጓዝበትን መንገድ የሚወስነው ክብደቱ ነው። ቡታጋዝ ከአየር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። እንደ ውኃ ይፈስሳል ማለት ይቻላል፤ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። የዝናብ ውኃ የሚሄድባቸው ቦዮች በድንጋይና በሲሚንቶ ክዳን ተሸፍነው ከግቢ ወደ ግቢ ያልፋሉ። ነፋስ የማይደርስበት፣ ዝቅ ያለና የተሸፈነ መንገድ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። አንድ ሰው በግቢው ያፈሰሰው ጋዝ ከሦስት አጥር ማዶ ሊወጣ የሚችለው በእንዲህ ዓይነቱ ቦይ ነው። በነፋሱም ላይ መተማመን አይቻልም። በሐይቅ ዳር ነፋስ ቀንና ሌሊት አቅጣጫውን ይለዋውጣል፤ ቀን ከውኃው ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ውኃው ይነፍሳል። በመካከላቸው ደግሞ ጸጥ የሚልበት ሰዓት አለ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በዚያ በምሽቱ ጸጥታ ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ በተቃራኒው ቀላል ነው፤ ክብደቱ የአየርን ግማሽ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። ወደ ላይ ይወጣልና ብዙ ባለሙያዎች ከቡታጋዝ ይሻላል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ፈሳሽ ሆኖ ሲከማች ነገሩ ይለወጣል። የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። ያን ያህል የቀዘቀዘ ጋዝ ሲፈስስ ከአየር ይከብዳል፤ እስኪሞቅ ድረስ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ 600 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ሽታም የለውም፤ ለወጥ ቤት በሚሸጠው ጋዝ ውስጥ የሚጨመረው ያ የበሰበሰ ሽታ በዚህ ቅዝቃዜ ውስጥ ስለማይቆይ አይጨመርበትም። አፍንጫ ስለማይጠቅም ጋዝ የሚለይ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ይህ ለጣና ዳር ሰው ሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። መብራታችን ከውኃ ነው። ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፤ ከዚያ በፊትም ጢስ ዓባይ ነበረ። በጋዝ የሚሠራ ትልቅ ማመንጫ በአካባቢያችን የለም። ነገር ግን በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። ጋዝ ባለበት አገር ጋዝ የሚያነድዱ ማመንጫዎችና ፋብሪካዎች መከተላቸው የተለመደ ነው። ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ሊመለስ የሚገባው መሠረቱ ሳይቆፈር ነው፤ ከተሠራ በኋላ አንዱን ማንሣት አይቻልም።

ጋዙ ደመና ሠርቶ ቆሟል እንበል። ሁልጊዜ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ባሩድ በመዳፍ ላይ ቢለኮስ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ታፍኖ ሲለኮስ ግን ያፈርሳል። ጋዝም በሜዳ ላይ ቢነድድ እሳቱ ያገኘውን አቃጥሎ ያልፋል እንጂ ግንብ ላያፈርስ ይችላል። ቧንቧ፣ ብረት፣ መወጣጫና ሕንፃ በተጠጋጉበት ቦታ ግን እሳቱ በየመሰናክሉ እየተበጠበጠ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ ግፊት ይሆናል፣ ግፊቱም ይመታል። ኃይል ማመንጫ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቧንቧና ብረት የተጠጋጋበት ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2010 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በሚድልታውን ከተማ በግንባታ ላይ የነበረ 620 ሜጋ ዋት የጋዝ ማመንጫ የተመታው በዚህ መንገድ ነው። ሠራተኞቹ አዲሱን የጋዝ ቧንቧ ከውስጡ ቆሻሻ ሊያጸዱ በከፍተኛ ግፊት የተፈጥሮ ጋዝ ራሱን እየነፉበት ነበር። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ብቻ 11 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ወጣ፤ የወጣውም በትልልቅ መዋቅሮች መካከል፣ ለመሬት በቀረበ ከፍታ ነበር። ስድስት ሰዎች ሞቱ። ቀላል የተባለው ጋዝ እንኳ በሕንፃዎች መካከል ወደ ሰማይ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም። ያን ቧንቧ በታመቀ አየር ማጽዳት ይቻል ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ስድስት ሰው የሞተው መሠራት ባልነበረበት ሥራ ነው።

ደመናውን ማን ለኮሰው የሚለውን መርማሪዎች ብዙ ጊዜ አያገኙትም፤ ማግኘቱም ያን ያህል አይጠቅምም። ጋዝ ለመንደድ የሚፈልገው ብልጭታ አንድ ሚሊጁል እንኳ አይሞላም፤ ሹራብ ስናወልቅ ከሚታየው ብልጭታ ያነሰ ነው። በኃይል ማመንጫና በማከፋፈያ ጣቢያ ደግሞ ማብሪያ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሞተር ይነሣል፤ የጭስ መውጫው ቧንቧ ይግላል። ብልጭታ የሌለበት ማመንጫ አላየሁም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ጋዙ ወደዚያ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

ስለ ናፍጣ ሞተር አንድ ነገር ልጨምር፤ በሥራዬ ዘወትር የምሰማው ስሕተት ነውና። “ናፍጣ ካንዴላ የለውም፣ ጋዝ አይለኩስም” ይባላል። ካንዴላ፣ ማለትም ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩስ ዕቃ፣ የለውም፤ አየር ግን ይስባል። አየሩ ጋዝ የቀላቀለ ከሆነ ሞተሩ ጋዙንም እንደ ነዳጅ ያነድደዋል። ድምፁ ይጨምራል፣ ዙሩ ከልክ ያልፋል፣ ናፍጣውን ብትዘጋበትም ላይቆም ይችላል፤ ምክንያቱም የሚበላው ከአየሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ 15 ሠራተኞችን የገደለውን የነዳጅ ተን የለኮሰችው ሞተሯ እንደተነሣ ቆማ የነበረች የናፍጣ መኪና እንደሆነች ይታመናል። ጀነሬተራችሁ ማንም ሳይነካው በድንገት ድምፁን ከጨመረ ወደ ማሽኑ አትሩጡ፤ ከግቢው ውጡ።

እስካሁን የተናገርሁት አፈትልኮ ስለተበተነ ጋዝ ነው። ታንከሩ ራሱ የሚፈነዳበት ሌላ መንገድ አለ፤ ይህም የጎረቤት እሳት የሚያመጣው ነው። ድስት ውስጡ ውኃ እስካለ ድረስ አያርርም፤ ውኃው ሲያልቅ ግን ያርራል። የፈሳሽ ጋዝ ታንከርም እንደዚያው ነው። ከሥሩ እሳት ቢነድበት ፈሳሹ የታችኛውን ብረት ያቀዘቅዘዋል። ከፈሳሹ በላይ ያለው ብረት ግን የሚያቀዘቅዘው የለም፤ ይግላል፣ ይለሰልሳል። በመጨረሻ የውስጡን ግፊት መቻል ሲያቅተው ይቀደዳል። ያን ጊዜ ፈሳሹ ባንድ አፍታ ወደ ጋዝነት እየተለወጠ ይወጣና የእሳት ኳስ ይሆናል። ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ከዚህ አያድንም፤ ቫልቩ ግፊት ያስወጣል እንጂ የጋለ ብረት አያቀዘቅዝም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1966 በፈረንሳይ ፌይዛን የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ይህን አላወቁም ነበር። ከቡታጋዝ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ፕሮፔን ከያዘ ትልቅ ክብ ታንከር ሥር ያለ ቫልቭ በቅዝቃዜ በረዶ ያዘውና አልዘጋ አለ። ጋዙ እየፈሰሰ ከታንከሩ 160 ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ መንገድ ደረሰ፤ በዚያ የነበረች መኪና ሳትለኩሰው አልቀረችም። እሳቱ ተመልሶ ወደ ታንከሩ መጣ። ሠራተኞቹ ውኃቸውን በአጠገቡ ባሉት ታንከሮች ላይ ረጩ፤ የሚነድደውን ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ይጠብቀዋል ብለው ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ታንከሩ ተቀደደ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እሳት ሊያጠፉ የመጡት ናቸው።

በፌይዛን ላይ የምቆየው በርቀቱ ምክንያት ነው። በአሜሪካ በሥራ ላይ ያለው የፈሳሽ ጋዝ ደንብ እስከ 114 ሺህ ሊትር ገደማ የሚይዝ ታንከር ከሕንፃ 15 ሜትር እንዲርቅ ያዝዛል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን 15 ሜትሩ የተለካው ለሙቀትና ለትንሽ ማፍሰስ ነው። ደመናው ግን 160 ሜትር ሄዷል። “ደንቡ የሚለውን ርቀት ጠብቀናል” የሚል ሰው ውይይቱን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ብዙ ነው። መሬቱ ወዴት ያዘነብላል? ቦዩ የት ይወጣል? የጎረቤቱ ማሽን አየር የሚስበው ከየት ነው?

ማመንጫውም የዋህ ጎረቤት አይደለም። ትልልቅ የእንፋሎትና የጋዝ ማመንጫዎች ጀነሬተሮቻቸውን የሚያቀዘቅዙት ብዙ ጊዜ በሃይድሮጅን ነው፤ ሃይድሮጅን ከመቶ ከ4 እስከ 75 እጅ ባለው መጠን ሁሉ ይነድዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት አንድ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ላይ ሃይድሮጅን ሲራገፍ በተነሣ ፍንዳታ ያመጣው ሾፌር ሞተ፣ አሥር ሰዎች ቆሰሉ። ትራንስፎርመርም ሆዱ ዘይት ነው። በውስጡ የኤሌክትሪክ ቅስት፣ ማለትም ከብረት ወደ ብረት የሚዘልል ኃይለኛ ብልጭታ፣ ከተነሣ ዘይቱ ወደ ጋዝ ተለውጦ ሆዱን ይቀድዳል። በትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች በትራንስፎርመሮቹ መካከል ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ የሚታየው፣ ሥራቸውም ጠጠር የሚሞላው ለዚህ ነው። መሐንዲሱ አንዱ ትራንስፎርመር ሌላውን እንዳያቃጥል አስቧል። ከአጥሩ ማዶ ለሚመጣው የጋዝ መጋዘን ግን ያንን ግድግዳ ማንም አላቆመለትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መብራት ሲጠፋ ነው። ጋዝ ማከማቻ ያለ መብራት ዓይኑ ይጠፋል፤ ፓምፑ፣ ጋዝ የሚለየው መሣሪያ፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ማመንጫው ደግሞ ያለ ጋዝ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ ብርድ በጸና ጊዜ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ጭነት ለመቀነስ መብራት ሲያጠፉ ከጠፋባቸው መካከል ለማመንጫዎቹ ጋዝ የሚልኩ ጣቢያዎችም ነበሩ። አንዳንዶቹ “እኛን አታጥፉ” ብለው የሚያስመዘግቡበትን ቅጽ አልሞሉም ነበር። የኤሌክትሪኩ ወገን ማመንጫው የሚበላውን ጋዝ በገዛ እጁ አቋረጠ። ጉዳቱ ብርድና ጨለማ እንጂ ፍንዳታ አልነበረም፤ ነገር ግን ጎረቤታሞች ምን ያህል እንደማይተዋወቁ ያሳያል።

በእንግሊዝ ባንስፊልድ በተባለ የነዳጅ ማከማቻ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2005 የቤንዚን ታንከር ከልኩ በላይ ተሞላ፤ መጠኑን የሚያሳየው መሣሪያ ተጣብቆ ነበርና ማንም አላወቀም። የፈሰሰው ቤንዚን ተን ሆኖ ግቢውን ሸፈነ። እንደ መርማሪዎቹ አስተያየት ደመናውን ሳይለኩሰው ያልቀረው በደመናው መካከል የነበረው የእሳት ማጥፊያው የፓምፕ ቤት ነው። ሊያድን የተቀመጠው ማሽን ሲነሣ እሳት ሆነ።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ነገሩ ከሆቴሉ ጓሮ ጋር የበለጠ ይመሳሰላል። በአክራ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2017 በአንድ የጋዝ መሸጫ ጣቢያ ፍንዳታ ተነሣ፤ እሳቱ ወደ ጎረቤቱ የነዳጅ ማደያ ተሻገረ፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ፣ ከ130 በላይ ቆሰሉ። በናይሮቢ ኤምባካሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ሌሊት የጋዝ መሙያ ግቢ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አካባቢው ሰው የበዛበት በመሆኑ ጭምር የግንባታ ማመልከቻዎቹን ውድቅ አድርጎ እንደነበር አስታወቀ። ግቢው ግን ይሠራ ነበር። ፈቃድ የተከለከለ ግቢ ጋዝ እየሞላ መሆኑን ጎረቤቶቹ ሊያዩ ይችሉ ነበር፤ የሚያዩትን ነገር አደገኛነት ግን ስንቶቹ ያውቁ ነበር? ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ክሩን አይቶ ብዙ አልተከራከረም። ሲሊንደሮቹ ከወጥ ቤቱ ወዲያኛው ጎን፣ መሬቱ ወደ ክፍት ሜዳ ወደሚያዘነብልበት፣ የቦይ አፍ ወደሌለበት ቦታ ሄዱ። ጎጇቸው ከሥሩ ክፍት ተደረገ፤ ከባድ ጋዝ የሚወጣው በእግር በኩል ነውና። ጀነሬተሩ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሣ ስለሆነ፣ የሚያቆመውና እንዳይነሣ የሚያደርገው ቁልፍ ከማሽኑ ርቆ በጥበቃው ቤት እንዲሆን መስመር ዘረጋሁ።

የጥበቃ ሠራተኛው ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉን ሳሳያቸው “ልጄ፣ መቼ ነው የምጫነው?” አሉኝ።

“እትዬ ጋዝ ሸተተኝ ሲሉዎት፣ አባባ።”

“ማሽኑ ያን ጊዜ ባይሠራስ?”

“ያን ጊዜም ይጫኑት። በዚያች ደቂቃ መብራት ቢጠፋ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሣል።”

ጥቂት አሰቡና ተነሥተው ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱ። “እስቲ አንድ ጊዜ ጥሪኝ” አሏቸው እትዬን፣ ተመልሰውም በራቸው ላይ ቆሙ። እትዬ ተጣሩ። ጀነሬተሩ እየሠራ ነበርና ድምፃቸው አልተሰማም። አባባ እንደ ትምህርት ቤት ደወል አሮጌ የመኪና ቸርኬ እንሰቅላለን አሉ። ብረት በብረት ሲመታ ብልጭታ እንደሚያወጣ ነገርኋቸው። ምንም አልመለሱም፤ ከአንገታቸው ፊሽካቸውን አውልቀው በወጥ ቤቱ በር ምስማር ላይ ሰቀሉት።